ዘግየት የምትለው ምት

የሠርግ ባንዱ ሲበተን ኪቦርድ ተጫዋቹ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሚስቱ የፀጉር ቤቷን ጓዳ ለቀቀችለት። ከሻምፖ ካርቶኖቹ መሀል ኮምፒውተርና ሁለት ስፒከር ተከለና ለጀማሪዎች የሂፕሆፕ ቢት፣ የዘፈኑን ምት፣ አሠራር ማስተማር ጀመረ። ሰፈርተኛው "ቲቸር ምቱ" አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

መጀመሪያ ላይ ተማሪ አይበረክትለትም ነበር። ጀማሪው ሲሳሳት እጁን ሰድዶ ያስተካክልለታል፤ ሥራው ያምራል፣ ተማሪው ግን ውሎ ሳያድር ይቀራል።

"የሰውን ልጅ እየነጠቅክ ታሳድጋለህ" አለችው ሚስቱ አንድ ቀን፣ የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች። "ሥራውን ማን 'የኔ ነው' ይበል?"

ነገሩ ከነከነው። ከዚያ ወዲህ ሲያስተምር እጆቹን ብብቱ ሥር ይሸጉጣል።

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር የመጡት ይሄን ጊዜ ነው።

"ለልጅዎ ነው፣ ጋሼ?"

"ለራሴ ነው እንጂ። ዕድሜ ልኬን የሰው ሙዚቃ ከፍቼ ነዳሁ፤ አንድ የራሴን ልስማ።"

ኮምፒውተሩን ወዲያው አላስነካቸውም። "በእግርዎ ዱም፣ በእጅዎ ጧ" አላቸው። ጠረጴዛውን ሲደበድቡ ቆይተው ወደ ኮምፒውተሩ ቁልፎች ተሻገሩ። ከወዲያ የፀጉር ማድረቂያው ሲያጓራ ያቆማሉ፤ ሲበርድ ይቀጥላሉ። ዱሙ ልክ ገባ። ጧው ግን ሁልጊዜ ጥቂት ይዘገያል።

"ማሽኑ ሊያቀናው ይችላል፣ አንድ ቁልፍ ነው" አለ መምህሩ። "ግን መጀመሪያ ይስሙት።"

ሹፌሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ፊታቸው እየፈካ መጣ።

"ተሳፋሪ ሳይወርድ በር ዘግቼ አላውቅም" አሉ። "እንዲሁ ትሁን፣ ልጄ።"

ባለቤታቸው ሊወስዷቸው መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። "ካረጁ አይበጁ" እያሉ ነው የመጡት፤ ቢቱ ሲደገም ግን ጠጋ ብለው አዳመጡ።

"ይቺ ወደኋላ የምትቀረዋ ቁርጥ አንተን" አሉ በመጨረሻ። "ለሠርጋችንም እንዲሁ ነው የደረስከው።"

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሚስትየዋ አልሳቁም፤ እግራቸው ግን ወለሉን ቀስ አድርጎ ይመታል። መምህሩ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ባልና ሚስት አብረው መጡ። ሹፌሩ ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ ሊጨምሩበት ነው።

"እርስዎስ፣ እትዬ?" አለ መምህሩ።

"እላዩ ላይ የሚባለውን ግጥም እኔ ነኝ የምለው" አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "የአርባ ዓመት ወሬ አለኝ።"

መምህሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ከፀጉር ቤቱ አንድ ወንበር ሳበላቸው።