ሻሺቱ የማን ስም ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከጉብሬ፣ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጩኸቷን አቀለጠችው። «እማዬ፣ ምን በድዬሽ ነው ሻሺቱ ያልሽኝ? ዶርም ውስጥ ‹እትዬ ሻሺቱ› እያሉ ፈጁኝ እኮ! ለመሆኑ የማን ስም ነው?»

ሃያ ዓመት ሙሉ «የአባቴ ዘመድ ናት» እያልኩ ሸውጃታለሁ። አሁን ግን በቃኝ፤ ነገርኳት።

አባቴ ቡታጅራ ውስጥ የታወቀ መራቂ ነበር። ያለ እሱ ምርቃት ሠርግ ሠርግ አይመስልም። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሐኪሙ «ፓርኪንሰን ነው» ካለን ቆይቷል። የእጁን መንቀጥቀጥ ለምደነዋል፤ እሱ ራሱ «ለክትፎ የተፈጠረ እጅ!» እያለ ይቀልድበት ነበር። ሕመሙ ወደ ሐሳቡም ይሻገራል ብለን ግን አላሰብንም። ስም ይጠፋው ጀመር። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራዋን በእናቷ ስም መረቀና ሰው ሳቀበት። ከዚያ ወዲያ አፉን ዘጋ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል፤ ቢያጫውቱት አይስቅ፣ ቢያጎርሱት አይጥመው። ሐኪሙ ድባቴውም ከሕመሙ ነው ብሎናል፤ እኛን ግን ያኮረፈን ይመስለን ነበር።

መስቀል ደረሰ። ሜዳው አደይ ለብሷል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶብስ ዘመድ ያራግፋል፣ ቤቱ ቅቤና ኮሰረት ይሸታል። እኔ ከበዓሉ ማግስት ለመምህርነት ሥልጠና ልሄድ ነው፤ ከቤት ስወጣ የመጀመሪያዬ። በእኛ ቤት ደግሞ አባት ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠርቶ ሳይመርቅ ክትፎ አይቀመስም።

«ዘንድሮ አጎቴ ይመርቅ፤ አባዬን ሰው አናስቅበት» አለ ወንድሜ።

«ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ያለ አባዬ ምርቃት ከዚህ ቤት አልወጣም!» አልኩ። ግትር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

ደግፈን አስቀመጥነው። ወንድሜን በስሙ ጠርቶ መረቀው። እኔ ጋ ሲደርስ ስሙ ጠፋው። ዓይኖቹ ፊቴ ላይ ተንከራተቱ። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። ስሜን ላቀብለው ስል ድንገት ፊቱ በራ።

«ሻሺቱ!»

በቤታችን ሻሺቱ የምትባል የለችም።

«አቤት አባዬ!» አልኩ።

«ወተትሽ አይንጠፍ!»

«አሜን!»

«ጅብ አያግኝሽ!»

«አሜን!»

«ከበረትሽ ጥጃ አይታጣ!»

አሜኑ ሳያልቅ አጎቴ ፈነዳ። «ኧረ በስመ አብ! ሻሺቱ እኮ ልጅ ሆነን ያሳደገችን ላማችን ናት! ግንባሯ ላይ ሻሽ የመሰለ ነጭ የነበራት!»

አባዬ አጎቴን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። ሕመሙ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ ነው። ከስንት ወር በኋላ!

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?» አለ እንባውን እየጠረገ። «ያኔ ከሁሉ አብልጬ የምወዳት እሷ ነበረች። አሁን ደግሞ ይቺ።»

እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እየሳቅን እያለቀስን ክትፎው ቀዘቀዘ።

ሕመሙ ወደኋላ አልተመለሰም፤ በየዓመቱ ብዙ ስም ወሰደበት። አባዬ ግን ዳግመኛ አፉን አልዘጋም። በማንም ስም ይጥራ፣ ፊቱ ያለው ሰው «አቤት» ይላል፤ የቤታችን ሕግ ሆነ። ምርቃቱም ሰመረ፦ አራት ልጅ አጥብቼ ወተቴ አልነጠፈም።

«በላም ስም?!» አለች ልጄ፣ ራሷን ይዛ። ከዚያ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«እኔስ አንድ ቀን ስምሽ ቢጠፋኝ?» አልኳት።

«ደስ ባለሽ ስም ጥሪኝ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ጥቂት ቆይቼ «ሻሺቱ!» ብዬ ተጣራሁ።

«እምቧ!» አለችኝ።