የፖሊክሴኒ ሦስተኛ ፈተና

ፖሊክሴኒ ካራትዛ የእንግሊዝኛ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሁለቱንም ጊዜ የጣላት አንድ ገጽ ነው፤ ሦስተኛው ገጽ። ሃያ የእንግሊዝኛ ግሦች ተደርድረውበታል፤ ከእያንዳንዱ ኋላ ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ኦን ወይም ቱ ወይም ፎር ወይም ሌላ ዘመዳቸው ይገባል። ንባቡንም ደብዳቤውንም ደህና አድርጋ ትሠራለች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ግን ሁሉም ትክክል ይመስላታል። በግሪክኛ አንዲት አጭር ቃል የብዙውን ሥራ ትሠራለች፤ ገበያም ቢኬድ፣ ጠረጴዛ ላይም ቢቀመጥ፣ ቤት ውስጥም ቢዋል እሷው ትበቃለች። እንግሊዞች ይህን ሁሉ ለምን እንዳበዙት የነገራት የለም።

አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ገበያ ላይ አትክልት ትሸጣለች። በግሪክ አገር፣ ካቫላ ወደብ ላይ የመርከብ መንገደኞችን በሚያስተናግደው ቢሮ አንድ ቋሚ የሥራ ቦታ ተከፍቷል። የእንግሊዝኛ ምስክር ወረቀት ግዴታ ነው። ማመልከቻ የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከዚህ በፊት የተከፈተው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነበር። ቀጣዩ እስኪከፈት ስድሳ ይሞላታል፤ ጉልበቷ ደግሞ የቲማቲም ሣጥን መሸከም ከአሁኑ እምቢ ብሏል።

የማታ ትምህርት ቤቱ ከፋርማሲው በላይ ነው። መምህሯ አርሲኖይ በልጇ ዕድሜ ትሆናለች፤ በግሪክ ወግ “ኪሪያ”፣ ወይዘሮ፣ እያለች ትጠራታለች።

“ሕጉን አይፈልጉ፣ ኪሪያ ፖሊክሴኒ። ሕግ የለውም። እንደ ሰው ስም አንድ ላይ ይያዙት” አለችና ሰማንያ ግሦች ከነተከታዮቻቸው የተጻፉበት ወረቀት ሰጠቻት።

“የሰው ስም እኮ ነው የሚጠፋብኝ፣ የኔ ልጅ።”

ወረቀቱን ወስዳ ከሚዛኗ አጠገብ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለችው።

በዚህ ገበያ ፊት ለፊት የሚሸጡ ሰዎች ጩኸት ይካፈላሉ። አንዱ የዕቃውን ስም ይጠራል፤ ሌላው ይመልስለታል። ብቻውን የሚጮህ ሰው ቀትር ሳይደርስ ድምፁ ይዘጋል። የፖሊክሴኒ ተጋሪ ዓሣ ሻጩ ስትራቶስ ነው። እሱ “ሰርዲን!” ሲል እሷ ዞር ሳትል “የዛሬ ጠዋት!” ትላለች። እሷ “ቲማቲም!” ስትል እሱ “ማር ነው!” ይላል። ሃያ ዓመት እንዲሁ ሸጠዋል።

አንድ ቀን ስትራቶስ ፌስታል ሊበደር መጥቶ ወረቀቱን አየ። ወጣት ሳለ ሁለት ዓመት መርከብ ላይ ስለሠራ የእንግሊዝኛ ፊደል ያነባል።

“ይሄ ደግሞ ምንድነው? የሐኪም ትእዛዝ ነው?”

“ፈተናዬ ነው። ልቀቀው፣ እጅህ ዓሣ ዓሣ ይላል።”

“በዚህ ዕድሜሽ? ሞግዚት ይዘሽ ነው የምትሄጂው?”

ወደ መደቡ ተመለሰ። ሊያበሽቃት ፈልጎ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ። “ዲፔንድ!”

“ኦን!” አለች ፖሊክሴኒ።

ቆስጣ እየመዘነች ነበር። አላሰበችበትም። ቆስጣውን ሚዛኑ ላይ ትታ ቀና አለች።

“ሌላ በል።”

“ሊስን!”

“ቱ!”

“ዌይት!”

“ፎር!”

“ኧረ ይቺን ሴትዮ!” አለ ስትራቶስ።

በማግስቱ የወረቀቱን ግልባጭ ሰጠችው። ሰባት ሳምንት ሙሉ በሰርዲኑና በቲማቲሙ መሀል ግስ ሲጣል፣ ግስ ሲነሣ ከረመ። ቆስጣ ሊገዙ የሚመጡት ቄስ እንኳ ጥቂቱን ያዙት። አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ሲያልፍ ስትራቶስ “ኮንግራቹሌት!” አለ፤ እሷም “ኦን!” አለች። ሽማግሌው ቆሞ አትክልቱን አንድ በአንድ አየና እንኳን ደስ ያለህ የሚባለው በየትኛው እንደሆነ ጠየቃት። ሎሚ ሰጠችው።

“የእናንተ እንግሊዝኛ ደንበኛ አሸሸብኝ” ብላ ወይራ ሻጯ ኡራኒያ አማረረች።

“ደንበኛሽን ያሸሸው ወይራሽ ነው” አላት ስትራቶስ።

ፈተናው በግንቦት፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ተሰጠ። በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ እጁን ዘረጋባት።

“ወላጆች ውጭ ነው የሚጠብቁት፣ እትዬ።”

“ልጄ ቤት ተኝታለች። ተፈታኟ እኔ ነኝ።”

ማስቲካ በሚያኝኩ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች መሀል ተቀመጠች። ሁለቱን ገጾች ጨርሳ ሦስተኛውን ገለጠች። የመጀመሪያው ግስ ኢንሲስት ነበር። ገበያ ላይ መቶ ጊዜ መልሳዋለች። ምንም አልመጣላትም። ኦን ትክክል መሰላት። ቱም ትክክል መሰላት። ፎርም።

ያን ጊዜ ገባት። በሰባቱ ሳምንት ውስጥ አንዱንም በዝምታ አጥንታው አታውቅም። እዚህ ደግሞ ከእርሳስ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ተቆጣጣሪዋ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አፈጠጠችባት። የቀራት አሥራ አራት ደቂቃ ነበር።

እርሳሷን አስቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። በሐሳቧ መደቧን ዘረጋች፤ ቲማቲሙን በስተቀኝ፣ ቆስጣውን በስተግራ። ቆስጣው ላይ ውሃ ረጨች። ከመንገዱ ማዶ ቀይ ጃንጥላ ተከለች፤ ከሥሩ ስትራቶስን አቆመች። አላጣደፈችውም። ከመጮሁ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጠረገ። “ኢንሲስት!” አለ።

ኦን።

ጻፈች። ዓይኗን ገልጣ ቀጣዩን ግስ አነበበች፣ መልሳ ጨፈነች፣ ለስትራቶስ ሰጠችው። እሱ ጮኾ ጠራው። መልሱ መጣ። ስምንተኛው ላይ አንድ እጅ ትከሻዋን ነካት።

“አመመዎት እንዴ?” አለች ተቆጣጣሪዋ በሹክሹክታ።

“የለም። ሥራ ላይ ነኝ።”

ከሃያው አንዱ ስትራቶስ ጠርቶት የማያውቅ ግስ ነበር። እሱን ገመተችው። ደወሉ ሲደወል አንድም ባዶ ቦታ አልነበራትም።

ውጤቱ ማመልከቻ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው መጣ። አርሲኖይ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ይዛ የዓሣ ውሃ በሚፈስበት መንገድ ላይ በረጅም ተረከዝ ጫማ ሮጠች።

“ሰማንያ አንድ! ኪሪያ ፖሊክሴኒ፣ ሰማንያ አንድ!”

“ሦስተኛው ገጽስ?”

“ከሃያ አሥራ ዘጠኝ!”

ኡራኒያ የወይራ ማንኪያዋን ይዛ እልል አለች። ፖሊክሴኒ ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ወደቡ ቢሮ ሄዳ ማመልከቻዋን አስገባች። አብረዋት የተወዳደሩት ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ወጣቶች ነበሩ። ሦስት ልጅ ማሳደጓ ግን ነጥብ አስጨመረላት፤ በእንግሊዝኛውም ሁለቱንም በልጣቸዋለች። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሟ ከላይ ነበር።

የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ደወለላት። “ሰኞ ይጀምራሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንዳያረፍዱ።”

ሃያ ሦስት ዓመት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ስትነሣ የኖረች ሴት ናት። ስልኩን ይዛ ሳቀች።

“ሁለት ሰዓት?” አለች። “እስከዚያ ምን ስሠራ ልቆይ?”