ቀዩ በአረንጓዴው ላይ ሲያልፍ

መጽሐፉ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነበር። አዲስ አበባ የሚማር የሰፈራችን ልጅ ነው ትቶልኝ የሄደው። ስለ ቺፕ አሠራር ያስተምራል፤ በዋናው መጽሐፍ ላይ በቀለም የተሳሉት ሥዕሎች ግን እኔ ዘንድ የደረሱት ግራጫ ሆነው ነው። የትኛው ግራጫ ምን ቀለም እንደነበር ከጽሑፉ እየገመትኩ በባለቀለም እርሳስ ወደ ካሬ ደብተር እገለብጣለሁ። አረንጓዴው ከታች የሚነጠፈው ሲሊከን ነው፤ ቀዩ በላዩ የሚያልፈው መስመር፤ ሰማያዊው ብረቱ።

ሥራዬ ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ፣ በአጎቴ ሱቅ ሬዲዮና ሞባይል መጠገን ነበር። ደንበኛ ሲጠፋ ደብተሬን አወጣለሁ። አጎቴ ከመነጽሩ በላይ አሻግሮ ያያል።

«ቀበሌ ገባህ እንዴ? ለማን ነው ይህን ሁሉ መሬት የምትሸነሽነው?»

«ቺፕ ነው፣ አጎቴ።»

«እንግዲያው ለእኔም የማዕዘን ቦታ ያዝልኝ።»

አንድ ቀን ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መምህር በከተማችን ሲያልፍ ስልኩን ሊያሠራ ገባ። ደብተሩን አይቶ ብዙ ጠየቀኝ። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል እንዳቆምኩ ነገርኩት።

«ባለ አራት ቢት ቁጥሮችን የሚደምር ሰርኪዩት ሙሉውን ሳልና አምጣልኝ» አለ። «ትክክል ከሆነ፣ በክረምት ተማሪዎቹ ሲወጡ ላብራቶሪ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጥሃለሁ። መስከረም ላይ ግን ለትምህርት ወደ ውጭ ስለምሄድ አትዘግይ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ስህተትን ራሱ ነቅሶ የሚያሳይ ፕሮግራም እንዳለም ነገረኝ። እስከዚያ ድረስ ስህተቴን የሚነግረኝ ሰውም መሣሪያም አልነበረኝም።

አራት ወር ፈጀብኝ። መቶ አሥራ ሁለት ትራንዚስተር፣ እያንዳንዱ በካሬ ተቆጥሮ። ወረቀቶቹን አጣብቄ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ዝናብ እየዘነበ በአገና በኩል ወልቂጤ ገባሁ።

የመምህሩ ቢሮ ውስጥ መጻሕፍቱ ግማሽ በግማሽ ካርቶን ገብተዋል። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጎንበስ አለ።

«ይህች ጥቁር ነጥብ ምንድን ናት?»

«ትራንዚስተሩ ነው፣ መምህር።»

«እዚህ ጋስ? ቀዩ አረንጓዴውን አቋርጦታል፤ ነጥብ የለውም።»

«እሱ ማለፊያ ነው። ሽቦው ዝም ብሎ ያልፋል።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ነጥቧን ከየት አመጣሃት?»

ፎቶ ኮፒውን አወጣሁለት። ሁለቱ መስመሮች በተደራረቡበት ሁሉ ግራጫው ጠቁሮ ይታያል። እኔ ያንን ጥቁረት ሥዕሉን የሠራው ሰው ያኖረው ምልክት አድርጌው ነበር። በእኔ ሙያ ትራንዚስተር ከሳጥን ተመርጦ፣ በቦታው ተቀምጦ የሚበየድ ነገር ነው። ሳያስቀምጡት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

«ወንድሜ፣ ይህን ማንም አያስቀምጠውም» አለ ቀስ ብሎ። «ቀዩ በአረንጓዴው ላይ ካለፈ ትራንዚስተር ሆነ በቃ። ብትፈልገውም ባትፈልገውም።»

እርሳስ አንስቶ «ማለፊያ» ያልኳቸውን ያከብብ ጀመር። ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ተወው። ቀሪውን ራሴ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ ነበሩ። የሳልኩት ነገር አይደምርም። ምን እንደሚሠራ እንኳ የሚያውቅ የለም።

«አስተካክዬ ላምጣ?»

«አምጣ» አለና ወደ ካርቶኖቹ አየ። «በስንት ጊዜ ትጨርሳለህ?»

መዋሸት አልቻልኩም። ማለፊያዎቹን ሁሉ በሰማያዊ፣ ትራንዚስተር ሳይሠራ በሚያልፈው ብረት፣ መቀየር ማለት ቦታውን ሁሉ እንደገና መደልደል ነው። «ሁለት ወር» አልኩት።

መስከረም ሊጠባ የቀረው ወር ተኩል ነበር። ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ ጠቅልሎ ሰጠኝና፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንድቀመጥ ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም።

አዲሱን ሥዕል የጨረስኩት ለመስቀል ሰሞን ነው። መምህሩ ያኔ ሄዷል፤ በቦታው የተተካውን አላውቀውም። ቀዩ አረንጓዴውን የሚያቋርጥበትን ቦታ ሁሉ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ መቶ አሥራ ሁለት መጣ። ትክክል ይመስለኛል። የመጀመሪያውም ትክክል መስሎኝ ነበር።