የጥሩነሽ ፊርማ

ሲስተር ሙሉሃብት ጡረታ ከወጣች ወዲህ፣ ላሊበላ በነርስነት ያሳለፈችው ዘመን ሲናፍቃት ቀድማ ትዝ የምትላት ጥሩነሽ ናት። ጥሩነሽ እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ልታስወጣ ከባሏ ከአረጋ ጋር ከኮን የመጣች ገበሬ ነበረች። አረጋ የስምምነት ቅጹን ሊፈርምላት እጁን ዘረጋ።

«አንገቱ የሳቸው ነው፤ ሕጉም እሳቸውን ጠይቂ ይለኛል» አለችው ሙሉሃብት። ከዚያም አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ሕክምናውን ከነአደጋው አስረዳቻት። «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ጥሩነሽ ባሏን አየት አደረገችና ሳቀች። «እኔን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እንግዲያው አጨዳው ይለፍ» አለች።

አረጋ አጉረመረመ፤ ሙሉሃብት ግን ቀጠሮው እንዲዛወር አደረገች። በጥር ጥሩነሽ መጥታ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ድና ወደ ኮን ስትመለስ ሙሉሃብትን ጉንጭና ጉንጯን አገላብጣ ሳመቻት። ሙሉሃብት ያን ቀን እስከ ዛሬ ትናፍቀዋለች።