ያልተሰበረው ሞላ

ኤልዊን ሻፈር ሚል ሪጅ በምትባል ከተማ በዝግታው የታወቀ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። ሌላው በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ እሱ እጅ ከገባ በረዶ ወድቆ በረዶ እስኪቀልጥ ሊቆይ ይችላል። "የጠመንጃው ሞላ ታዟል፤ ገና አልደረሰም" ይላል፣ ከሥራ ጠረጴዛው ቀና እንኳ ሳይል። ከተማው ይህንን ቀልድ አድርጎ ይዞት ነበር። መውለጃዋ ያለፈባት ሴት ሳትቀር "ይሄ ልጅ የኤልዊን ሞላ ሆነብኝ" ትል ነበር።

ኤልዊን ግን ዘገምተኛ አልነበረም። እጁ ፈጣን ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃ ፈትቶ ይገጥማል። ዝግታው ሱቁን ካወረሰው ከአባቱ የተቀበለው ሌላ ሙያ ነው። በእኛ ከተማ ወንድ ልጅ እግሩ ቢቆረጥ "ትንሽ ቆረጠኝ" ይላል እንጂ "ከፍቶኛል" አይልም። ሲከፋው የምታውቀው ሚስቱ ናት። ምግብ ሲተው፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሌሊት ጎተራ ውስጥ ብቻውን መቀመጥ ሲያበዛ ታያለች። እሷም ፊት ለፊት አትናገረውም። "የአደን ወቅት ሳይደርስ ጠመንጃህን ኤልዊን ይይልህ" ብላ ትልከዋለች፤ እሱ ከቤት ሲወጣ ደግሞ ሱቁ ስልክ ትደውላለች።

"እየመጣ ነው፤ የሆነ ነገር አግኝበት።"

ኤልዊን ያገኝበታል። ይፈታዋል፣ ወደ መብራት ያስጠጋዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ "ሞላው ደክሟል" ይላል። ጠመንጃው ከሰውየው እጅ ርቆ ጓዳ ይገባል። ሰውየው ወደ ራሱ ሲመለስ፣ መሳቅና መብላት ሲጀምር፣ ሚስቱ እንደገና ትደውላለች፤ ሞላው በማግስቱ "ይደርሳል"። የሚጠየቅ ገንዘብ የለም፤ የሚቀርብ ምስጋናም የለም። አባቱ "ሰውን ስለ ጠመንጃው ጠይቀው እንጂ ስለ ራሱ አትጠይቀው፤ ካፈረ ተመልሶ አይመጣም" ይለው ነበር። ለብዙ ዓመት ይህ ምክር ሠርቷል። ዛሬ የልጅ ልጅ የሚያቅፉ፣ ጠመንጃቸው አንድ ክረምት እዚያ ጓዳ ማደሩን የረሱ ሽማግሌዎች ሞልተዋል።

የተጎዳው ገበያው ነው። በየሁለት ወሩ ቅዳሜና እሑድ በእርሻ ትርዒት ሜዳው አዳራሽ የመሣሪያ ባዛር ይቆማል። ለበሩ ከፍለህ፣ እጅህ ላይ ማኅተም አስመትተህ ትገባለህ። ጠረጴዛው አያልቅም፤ ጠመንጃ፣ ጩቤ፣ የድሮ ወታደር ቆብ፣ የደረቀ የአጋዘን ሥጋ፣ የፖም ኬክ የምትሸጥ ባልቴት። ዋጋው ከኤልዊን ይቀንሳል። ኤልዊን ዘንድ ጠመንጃ ስትገዛ ፎርም ሞልተህ፣ እሱ ለፖሊስ ደውሎ ስለ አንተ እስኪያጣራ ስለ እናትህ የጉልበት ሕመም ሲጠይቅህ ትቆያለህ። ባዛር ላይ የግሉን ጠመንጃ የሚሸጥ ሰው ካገኘህ ግን ተጨባብጠህ መሄድ ነው።

"ስምህን የሚጠይቅህ የለም፤ ደስ የሚለው እሱ ነው" ይላሉ የሚወዱት።

"ደስ የማይለውም እሱ ነው" ይላል ኤልዊን። እርግጥ ይህ የባለሱቅ ወሬ ነው። ባዛሩ ላይ እንደ እሱ ያሉ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ረግጦት አያውቅም። ኩራቱ ነው።

ክላይድ ነስቢት የኤልዊን የልጅነት ጓደኛ ነበር። ዕድሜውን የእንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ መጋዝ ሲስል ኖረ። መሰንጠቂያው ሲዘጋ ሌላው ወይ ከተማ ለቀቀ ወይ ሌላ ሥራ ያዘ። ክላይድ ግን ጠዋት ጠዋት የምሳ ሣጥኑን ይዞ እየተነሳ ጎተራው ውስጥ መቀመጥ ጀመረ። የሚስለው ነገር ሲያልቅበት የወጥ ቤቱን ቢላዎች ሁሉ ሳለ። በመስከረም የሚያድንባትን ውሻውን ለጎረቤት ሰጠ። ሚስቱ አርሊን የደወለችው ያን ቀን ነው።

"ውሻዋን ሰጣት፣ ኤልዊን" አለችው። "ቤት ያለው የአባቱ ጠመንጃ ብቻ ነው። እባክህ።"

"ላኪው" አላት።

ክላይድ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መጣ። ኤልዊን ፈታ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ሞላው ደክሟል።"

"አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያልደከመ ዛሬ ደከመ?"

"እኛስ ደክመን የለ?"

ክላይድ ሳቀ። "አንተማ ስትወለድም ደክመህ ነው የተወለድከው" አለና ጠመንጃውን ትቶ ሄደ። ኤልዊን ጓዳ አስገብቶ ቆለፈበት፤ ያን ሌሊት በሰላም ተኛ።

ክላይድ ግን ወደ ራሱ አልተመለሰም። በየሳምንቱ ብቅ ይላል፤ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የቆየውን ቡና ይጠጣል፤ "ሞላዬስ?" ይላል። "መንገድ ላይ ነው" ይባላል። ከሲታ ሆኗል፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ኤልዊን ቀዳዳውን አይቶ ስለ አጋዘን ያወራል። አንድ ቀን ክላይድ ስኒውን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየው።

"አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ ግን?"

"ምን ሆንኩ?"

"እንጃ። እንዲህ ዘግይተህ አታውቅም። ዓይንህ ነው? እጅህ ነው? የሆነ ነገር ካለ ንገረኝ።"

ኤልዊን ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመረ። "ደህና ነኝ" አለ። "አንተስ?"

"ደህና።"

ከዚያ ስለ በረዶው አወሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚያ ምድጃ አጠገብ የተቀመጡት ሁለቱም ደባቂዎች ነበሩ።

የአደን ወቅት ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ክላይድ ሱቁን በርግዶ ገባ። ጉንጩ በብርድ ቀልቷል፤ እጁ ላይ የባዛሩ ማኅተም አለ። ጥይት ሊገዙ የመጡ ሁለት ሰዎች ባንኮኒው አጠገብ ቆመው ነበር። ክላይድ አንዲት ትንሽ ከረጢት አውጥቶ ፊታቸው ባንኮኒው ላይ ጣል አደረገ።

"ይኸው ሞላህ!"

ኤልዊን ከረጢቷን አየ። ውስጧ ልክ የዚያ ጠመንጃ ሞላ ነበረ።

"ከየት አመጣኸው?"

"ከባዛሩ ነዋ! አንድ የኦሃዮ ሽማግሌ አለ፤ ሣጥን ሙሉ የአሮጌ ጠመንጃ ዕቃ ይሸጣል። ጠዋት ከበሩ ጀምሬ ሳገላብጥ ዋልኩ። አጠገቡ ያሉት 'ለኤልዊን ነው? እሱ እስኪገጥመው አጋዘኑ በእርጅና ይሞታል' እያሉ ይሳለቃሉ። እኔም 'በእሱ ላይ አፋችሁን አትክፈቱ፤ ዕቃው ጠፍቶበት ነው እንጂ እንደሱ ያለ እጅ የለም' አልኳቸው።"

ሁለቱ ሰዎች ሳቁ። "በል ኤልዊን፣ አሁን ማመካኛ የለህም" አለ አንደኛው።

እውነትም አልነበረውም። ማለት የነበረበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ጠመንጃው ደህና ነው፣ የፈራሁት ለአንተ ነው"። ይህን እነዚያ ሁለት ሰዎች ፊት? ክላይድን እንዲህ ደስ ባለው ቀን? ደግሞስ ለሁለት ወር ሲዋሸው እንደከረመ በየትኛው አፉ ይንገረው? ከረጢቷን አንስቶ ጓዳ ገባ።

ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። አሮጌው ሞላ ምንም አልሆነም፤ ገና የአንድ ሰው ዕድሜ ሊያገለግል ይችላል። ከወዲያ የክላይድ ሳቅ ይሰማል። ያን ሳቅ ከሰማው ስንት ጊዜው ነው? "እየሳቀ ነው እኮ" አለ ለራሱ። "ተሽሎታል።" ሰው ማመን የሚፈልገውን ለማመን ምስክር አያጣም። ሥራ ይመስል ዘንድ ጥቂት ቆይቶ፣ አዲሱን ሞላ ሽርጡ ኪስ ከተተና ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። በገዛ እጁ ሰጠው።

"ስንት ልክፈል?"

"ሞላውን ገዝተኸው የለም እንዴ? ምን ላስከፍልህ።"

ክላይድ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ ጥሎ ወደፊት ያያል። ኤልዊን በመስኮት አየው። ልውጣ አለ። ኮቱን ፈለገ፤ ኮቱ ከወንበሩ ጀርባ ወድቆ ነበር። አንስቶ አንድ እጁን እስኪያስገባ መኪናው ሄደ።

ለአርሊን ደወለ፤ ሥራ ላይ ነበረች፣ የሚያነሳ የለም። ማታ እደውላለሁ አለ። ማታ ስልኩን አንስቶ "ሰጠሁት" ማለት አሳፈረውና መልሶ አስቀመጠው። ሰኞ ሄጄ አየዋለሁ አለ። እሑድ አርሊን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ክላይድን ጎተራው ውስጥ በገዛ እጁ ሞቶ አገኘችው።

ቀብሩ ላይ ኤልዊን ከኋላ ቆመ። ከቀብሩ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ ሲበላ እሱ የለም። በሳምንቱ አርሊን ሱቁ መጣች። ከባንኮኒው ወዲያ ሄዶ ወንበር ሊስብላት ሲል "ተወው፣ አልቀመጥም" አለችው።

"አርሊን፣ እኔ..."

"ቅዳሜ ማታ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'ዛሬ ለኤልዊን አንድ ነገር አደረግኩለት' አለኝ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ደስ ብሎት ነበር። 'ሰዉ ሲስቅበት ዝም አልልም፤ የከበደው ነገር አለ፣ አልነግርህ አለኝ እንጂ' አለኝ።" አፏን በእጇ ያዘች። "ለአንተ ነበር የሚያስበው።"

ኤልዊን እጁን ሽርጡ ኪስ ከትቶ ከረጢቷን ጨበጠ።

"ሞላው ተሰብሮ ነበር?" አለችው፣ እያወቀችው።

"አልነበረም።"

"ሳያውቅ ሄደ።"

"ሳያውቅ ሄደ።"

"እኔም ለአንተ መደወሉን አውቅበታለሁ" አለች። "ለእሱ ግን መንገር አቃተኝ። አንድ ቤት እያደርን።"

ኤልዊን ከረጢቷን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። አርሊን አየቻትና እጁን መልሳ አጠፈችለት። "ለአንተ የገዛው ነው" አለችው። አልቅሳ ቢሆን፣ ሰድባው ቢሆን ይቀለው ነበር።

ከዚያ ክረምት ወዲህ ኤልዊን ጠመንጃ የሚጠግነው ባለቤቱ ቆሞ እያየ ነው። ሞላ አያዝም። አንዲት ሚስት ከደወለች ግን፣ ወይም እሱ ራሱ ከጠረጠረ፣ ሰው ኖረም አልኖረም ፊት ለፊት ይናገራል። ባዛር የሚሄደውም በዛ። "ሽማግሌው እጁ ፈጠነ፣ ምላሱ ግን ተበላሸ" ይላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ የሚያሽሟጥጠው ግን የለም፤ እሱን ራሱ ለራሱ ይለዋል።

ባለፈው ኅዳር አንድ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ የሄደችበት ጎልማሳ ጠመንጃ ሊያስፈትሽ መጣ። ኤልዊን ፈትቶ አየና ገጠመው።

"ጠመንጃው ደህና ነው። የፈራሁት ለአንተ ነው። እኔ ዘንድ ይክረም።"

ጎልማሳው ደሙ ፈላ። "ሚስተር ሻፈር፣ ጠመንጃ ይዩ አልኩ እንጂ እኔን ይዩኝ አልኩዎት?" ብሎ ነጥቆት ወጣ። በሩ ሲላተም የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳም።

ኤልዊን ኮቱን አልፈለገም። በሸሚዙ በረዶው ላይ ወጥቶ መስኮቱን አንኳኳ። ጎልማሳው መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አደረገ።

"አሁን ደግሞ ምን ፈለጉ?"

"ምንም" አለ ኤልዊን፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። "ብርድ ነው። ክፈትልኝና አጠገብህ ልቀመጥ።"

ሰውየው ብዙ ካየው በኋላ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ወንበር አዛውሮ ቦታ ለቀቀለት። ኤልዊን ገብቶ በሩን ዘጋ። ያን ቅዳሜ በክላይድ መኪና ውስጥም ከሹፌሩ አጠገብ ያለው ይኸው ወንበር ባዶ ነበር።