ከጂፗ ጋር የገባሁት ወንፈል

የልጅ ልጄ በስልኩ አንድ ነገር አሳየኝ። ድሮ አገራችን ትመጣ የነበረችውን፣ ቅርጿ እንደ ሣጥን የሆነችውን ባለ ሸራ ጂፕ የሚሠራው ፋብሪካ ሥራውን አቁሞ ኖሮ፣ አሁን ያንኑ መልክ እንደገና ሊያወጣ ተነሥቷል አለኝ። ያረጁ ባለመኪኖች በየተራ ትዝታቸውን ያወራሉ፤ ልጁ ይተረጉምልኛል። አንዱ «የኔዋን ጭቃ ይዟት አያውቅም» ሲል ሳቄ መጣ። እኔ ጂፕ ኖሮኝ አያውቅም። አንዲቱን ግን በደንብ አውቃታለሁ።

ያኔ ቤታችን ከወረታ ወደ ሐይቁ በኩል፣ ሜዳው ላይ ነበር። ክረምት ሲገባ ርብ ሞልቶ ፎገራ ውሃ ይሆናል፤ መረሬው አፈር የረገጠውን ሁሉ ይይዛል። ይፋግ የሚኖር አንድ የእህል ነጋዴ ጂፕ ገዝቶ በዚያ ጭቃ መመላለስ ጀመረ። ቅጠልያ ናት፤ ትርፍ ጎማዋን አፍንጫዋ ላይ ተሸክማለች። ከደጃችን ፊት ያለችው ማጥ ጋ ስትደርስ ትሰምጣለች። ሰው ሁሉ በነጋዴው ይሥቅ ነበር፤ እኔም ሥቄያለሁ።

አንድ ሐምሌ ታናሽ እህቴን እኔ ቤት ምጥ ያዛት። የበኩር ልጇ ነው። ሁለት ቀን አማጠች። አዋላጇ እጇን ታጠበችና «ከእንግዲህ የሐኪም ነው» አለች። ሐኪም ቤቱ ያለው ደብረ ታቦር ነው። ወንዶቹ ቃሬዛ አሰናዱ፤ በዚያ ውሃና በዚያ ዳገት ተሸክመው እስኪያደርሷት እንደማትቆይ ግን ሁላችንም ዐውቀናል።

ቃሬዛውን ሲያስሩ የጂፗን ጩኸት ሰማን። እንደ ልማዷ ማጧ ውስጥ ገብታ ቆማለች። ሮጥኩ። እኩያዬ የሚሆነው ነጋዴ መሪውን ይዞ ይራገማል። አጠገቡ የወሰን ክርክር አይተው የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ አጥቢያ ዳኛ ተቀምጠዋል። ከኋላ እስከ ሸራው ድረስ የጤፍ ጆንያ ነው።

«እሜቴ፣ እባክሽ በሬዎችሽን» አለኝ ነጋዴው።

«አመጣለሁ። በወንፈል ግን ነው።»

«የምን ወንፈል? እኔ እርሻ የለኝ!»

«መኪና አለህ። በሬዎቼ አንተን ይስባሉ፣ መኪናህ እህቴን ደብረ ታቦር ታደርሳለች።»

«እሺ፣ እሺ፣ ብቻ አውጪኝ።»

ወንፈል በእኛ አገር እንዲህ ነው፦ ዛሬ በሬህንና ጉልበትህን ይዘህ ለኔ ትውላለህ፣ በቀንህ እኔ ላንተ እውላለሁ። ገንዘብ የለበትም። የወንፈል ቀን የበላ ሰው ግን ጎረቤት አይኖረውም።

ባሌ ቡሬውንና ዳልቻውን ጠምዶ መጣ። ጠፍሩን ከጂፗ አፍንጫ ሥር አሰርን። ነጋዴው የረዳን መስሎት ሞተሩን ሲያስጓራው በሬዎቹ ደነበሩና ባሌን ጭቃው ላይ ዘረሩት።

«አጥፋው! በሬ እየተጮኸበት አይስብም!»

«ምላስሽ ከማረሻ ይስላል» እያለ አጠፋው። ከዚያማ በሬዎቹ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሳቡ፤ ማጧም ለቀቀቻት።

ነጋዴው ደረቅ ላይ እንደወጣ ሞተሩን አስነሣ። «ጤፉ ሳይበሰብስ ወረታ ላራግፈውና ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አለ። ነገ! ከጂፗ ፊት ቆምኩ። ሁለት እጄን ትርፍ ጎማዋ ላይ ጫንኩና «በሕግ አምላክ!» አልኩ።

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ካለበት አይነቃነቅም። እሱም ቆመ። ወደ ዳኛው ዞርኩ። «ጌታዬ፣ እርስዎም አብረው ተስበው ወጥተዋል። ይፍረዱኝ።»

«አልካድኩም እኮ! ነገ አልኩ እንጂ» አለ ነጋዴው።

ዳኛው ከመቀመጫቸው ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ወንፈል ስትገቡ ቀኑን የሚጠራው ማነው?» አሉኝ።

«ቀድሞ የዋለው ነው ጌታዬ። ማሳው በደረሰ ቀን ይጠራል።»

«አንተስ፣ ከዚህ የተለየ ታውቃለህ?»

ነጋዴው ራሱን ነቀነቀ። «አላውቅም።»

«እንግዲያው ባለበሬዋ ዛሬ ብላ ጠርታለች። ጆንያህን አውርድ።» በርኖሳቸውን አውልቀው አቀበሉኝ። «ይህን አንጥፊላት። እኔም ልውረድ፤ ጤፉን ቤትሽ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

እህቴን በርኖሱ ላይ አስተኝተን እኔም አብሬያት ተሳፈርኩ። ነጋዴው እስከ ወረታ ድረስ ፊቱን እንዳኮሳተረ ነዳ። ድንጋይ ባየ ቁጥር ግን ዝግ ይል ነበር። ዳገቱን ስንጀምር እህቴ ስትጮህ «አይዞሽ እህቴ፣ ደረስን» ይላት ጀመር። አልደረስንም ነበር። አመሻሽ ላይ ገባን፤ ሐኪሞቹም እናቲቱንም ልጅቱንም አተረፉልን። እልል ስል ነጋዴው ፊቱን ወደ ጂፗ አዞረ። ያለቀሰ መሰለኝ፤ አልጠየቅኩትም።

ቤቴ ስመለስ ዳኛውን ጆንያ ላይ ተቀምጠው የጎረቤቶቼን ሙግት ሲሰሙ አገኘኋቸው። አንድም ጆንያ አልረጠበም።

ዳኛው ለኔ ፈረዱልኝ። እኔ ግን ሳስበው ከነከነኝ። በሬዎቼ የሳቡት አንድ እንስራ ውሃ ቀድቼ እስክመለስ ያህል ነው፤ ጂፗ ግን ለኔ ቀን ሙሉ ዋለች። እኩል አይደለም። እኩል ያልሆነ ነገር ደግሞ ወደ እኔ ቢያደላም አልወድም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ድምጿን ስሰማ፣ ማንም ሳይጠራኝ በሬዎቹን አስጠምጄ ማጧ አፋፍ ላይ እቆም ነበር።

«አልጨረስሽም እንዴ?» ይለኛል ነጋዴው እየሣቀ።

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲህ ልጅቱ ስትዳር እንጨርሳለን!»

ሳንጨርስ ጂፗ አረጀችና መምጣቷን ተወች። ነጋዴውም ዳኛውም አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ለሁለቱም ሻማ አበራለሁ።

አዲሷ ጂፕ ጭቃ የሚባል አይይዛትም ይላል የልጅ ልጄ። ጥሩ ነው፤ ለባለቤቷ ይባርክለት። የእኛይቱ ግን ያን ቀን ባትሰምጥ ኖሮ በደጃችን አልፋ ወረታ ትገባ ነበር፤ እህቴንም በዚያው ቃሬዛ ወስደን እንቀብራት ነበር። እኔ እግዜርን የማመሰግነው ስለ መስመጧ ነው።

ያን ቀን የተወለደችው ልጅ ዛሬ ራሷ አያት ናት። የጂፗን ሥዕል በልጁ ስልክ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

«ይቺ ናት?» አለችኝ።

«ይቺው ናት» አልኳት። «ጭቃው ነው የቀራት።»