የእናቴ የመዳብ ቧንቧ

የልጅ ልጄ ብሩክ ከእሱ በዕድሜ የምትበልጥ አሮጌ መኪና ገዝቶ ግቢዬ ውስጥ ካቆማት ወዲህ፣ ቅዳሜና እሑድ ሊጠይቀኝ መጣ የሚባለው ከወገቡ በላይ መኪናዋ ሥር ገብቶ ነው፤ የማዋራው እግሮቹን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዝገት የበላቸውን የፍሬን ቱቦዎች ነቅሎ በአዲስ ሲተካ ዋለና፣ ወደ ማታ ላይ ረዳት ሲያጣ እኔን ከመደቤ አንሥቶ መሪው ፊት አስቀመጠኝ። ከሥር ሆኖ እርገጪ ሲለኝ እረግጣለሁ፣ ልቀቂ ሲለኝ እለቃለሁ፤ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር የሚያስወጣው እንዲህ ነው አለኝ። ዘይቱን ሲጨምር ጠርሙሱን ተቀብዬ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። ምን ጠብቀሽ ነው ቢለኝ አረቄ ብዬ መለስኩለት፤ እርጅናዬ የባሰ መስሎት በዓይኑ ለካኝ እንጂ አልሳቀም።

እኔ ግን በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው የፍሬን ዘይት አረቄ አረቄ ይሸት ነበር። ሽታው በእናቴ ቀሚስ ላይ፣ በአባቴ እጅ ላይ፣ በእኔም ፀጉር ላይ ሰንብቷል።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። ቤታችን እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ጓሮው ከቤቱ የሚሰፋ ነበር። አባቴ ተሰማ አዲስ አበባ አንድ ግሪክ ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ መኪና መንዳትንም መጠገንንም ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ሲሆን፣ የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴ የነበሩትን የሐጂ ዑመርን ትንሽ ጥቁር መኪና ይነዳ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ሐጂ መኪናዬን ይወርሱብኛል ብለው ስለፈሩ፣ አባቴ በእኛ ጓሮ አቁሞ የጤፍ ጭድ ከመረባት። ክረምት መጥቶ ሄደ፣ ሌላ ክረምት ተደገመ፤ ዶሮዎቻችን በጭዱ ውስጥ መግቢያ አበጅተው የኋላውን ወንበር እንቁላል መጣያ አደረጉት። እኔ እንቁላል ልለቅም ስገባ ሐጂ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ሐጂን መስዬ ደረቴን ነፍቼ እቀመጥ ነበር፤ አንዲት ቀይ ዶሮ ግን ቦታው የእሷ ስለመሰላት እየነቆረች ታስወጣኛለች።

መኪናዋ በጭድ ውስጥ በቆየችበት ዘመን አባቴ ቤት ዋለ። ከዚያ በፊት ለእኔ አባት ማለት አቧራ ለብሶ መጥቶ፣ አድሮ፣ አቧራ ሊለብስ የሚሄድ ሰው ነበር። አሁን ግን ጠዋት ስነሣ አለ፣ ማታም አለ፤ ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ ይበላል፣ የአጥሩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ የእናቴን ጋን ስንጥቅ በሰም ይለጥፋል፣ ሥራ ሲያጣ ደግሞ ጉልበቱን መኪና አድርጎ እኔን ያስቀምጥና በአፉ ሞተር እያስጮኸ ከደጀን ወደ ዓባይ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ሁሉ ያወርደኛል። ከተማው ፈርቶና ተርቦ በነበረበት በዚያ ክፉ ጊዜ እኔ ደስተኛ ነበርኩ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ኋላ አርበኞቹ ዙሪያውን መንገዱን እየያዙ ገበያው ሲሞት፣ ሐጂ ከጣሊያን ሹማምንት ጋር ተነጋግረው ወደ አዲስ አበባ ሊሻገሩ ቆረጡ። ጭዱ ተነሣ፣ ዶሮዎቹ ተባረሩ፣ ሞተሩ ብዙ ከተለመነ በኋላ እየሳለ ተነሣ። ፍሬኑ ግን የለም። እርጥብ ጭድና ጭቃ ወደየጎማው የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች በልቷቸው፣ አባቴ ፔዳሉን ሲረግጠው እስከ ወለሉ ሰምጦ ይቀራል። የጣሊያን ጋራዥ ለአገሬው ሰው ዕቃ አንሸጥም አለው። ቀዳዳውን በሰምና በቆዳ ጠቅልሎ አሠረው፤ አንድ ጊዜ ሲረግጠው ሰሙ ተፈናጥሮ ግንባሩን መታው። ያም ሆኖ እቀራለሁ አላለም። ለሐጂ ቃል ሰጥቷል፤ ፍሬን ባይኖራት በማርሽ እይዛታለሁ ይል ነበር። የዓባይን ገደል በማርሽ ብቻ ይዞ መውረድ ምን እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ነገሩ ሲነሣ ሰው ወሬ ይለውጣል።

እኔ ደግሞ ማታ ማታ መኪናዋ እንዳትሠራ ማርያምን እለምን ነበር።

እናቴ የውብዳር አረቄ አውጪ ነበረች፤ አረቄዋም በሰፈሩ ስም ነበረው። ሌሎቹ ሴቶች ከማሰሮ ወደ ማሰሮ እንፋሎቱን የሚያሻግሩት በመቃ ሲሆን፣ የእሷ ግን አባቴ ሲያገባት ከአዲስ አበባ ጋራዥ ያመጣላት ቀጭን፣ ረጅም የመዳብ ቧንቧ ነው። መቃ ይቃጠላል፣ ይሰነጠቃል፣ አረቄውንም ጭስ ጭስ ያሰኘዋል። የእሷ ግን ጠርቶ፣ ከአፍ ሳይጋጭ ይወርዳል። ቧንቧውን ሥራ ስትጨርስ በአመድ ወልውላ፣ ጠቅልላ፣ በነጠላ ቋጥራ ግድግዳው ላይ ትሰቅለዋለች። ልጆች ሆነን መንካት ክልክል ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አባቴ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ያንኑ ቆዳ ሲያሥር፣ እናቴ ቋጠሮውን ይዛ ወጣችና ከራሱ አጠገብ አኖረችው።

"ይህን ቆርጠው ይሥሩበት" አለችው።

አባቴ ተንፏቆ ወጥቶ ቋጠሮውን ፈትቶ አየ። "አንቺስ በምን ታወጫለሽ?" አላት።

"እንደ ሰው በመቃ። መሄድዎ ካልቀረ በሰላም ይድረሱ እንጂ።"

ከመቁረጡ በፊት ግን ለመጨረሻ ጊዜ አረቄ አወጣችበት፤ ያወጣችውንም መልሳ አጣርታ እሳት ሲነካው የሚነድ ዳግም አደረገችው። ለካ እሱም ለመኪናዋ ኖሯል። አባቴን ግሪኩ አለቃው እንዳስተማረው፣ የዚያን ጊዜ የፍሬን ዘይት የጉሎ ዘይትና ጠንካራ አረቄ ድብልቅ ነው። ጉሎውን እናቴ ቆላች፣ ወቀጠች፣ አፈላች፤ ከላይ የተንሳፈፈውን ዘይት ገፋ በነጠላ አጠለለች። ሐጂ ሥራው የት እንደደረሰ ሊያዩ መጥተው ሽታው ሲያጥወለውላቸው፣ ይህ በእኔ መኪና ውስጥ ሊገባ ነው ወይ ብለው ሻሻቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። አባቴም የምትጠጣው መኪናዋ ናት እንጂ እርስዎ አይደሉም ብሎ አረጋጋቸው። ሐጂ አሰብ አድርገው፣ እንግዲያው ሐጢአቱ የመኪናዋ ነው ብለው ሄዱ።

ቧንቧውን አባቴ በየጎማው ልክ ቆረጠው፤ መዳብ በእሳት ግሎ ሲበርድ እንደሚለሰልስ ያሳየኝ ያን ጊዜ ነው። ጫፉን በሾጣጣ ብረት እየመታ እንደ ጥሩንባ አፍ ይከፍተዋል፤ ቧንቧውን ከቦታው የሚያጠብቀው ዳዶ ደግሞ ጫፉ ሳይከፈት በፊት መግባት አለበት። የመጀመሪያውን ጫፍ ተጠቦ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ቀጥቅጦ፣ አሳምሮ ከፍቶ ካበቃ በኋላ ዳዶው መሬት ላይ ተቀምጦ አየው። እናቴ ከደጃፉ ሆና "እንግዳው ሳይገባ በሩን ዘጉት እኮ" አለችውና፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ያበላሸው ጫፍ ተቆርጦ ሲጣል ቧንቧው አጠረ፤ የኋላውን ጎማ ቱቦ በአቋራጭ ወስዶ ለጥቂት አደረሰው።

በመጨረሻ አየሩን ለማስወጣት እናቴ መሪው ፊት ተቀመጠች። መኪና ውስጥ ገብታ አታውቅም። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ በባዶ እግሯ፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለች ቀጥ ብላ፣ እርገጪ ሲላት ትረግጣለች፣ ልቀቂ ሲላት ትለቃለች። በእያንዳንዱ ጎማ ሥር አረፋው እየደፈቀ ወጥቶ ሲያልቅ፣ ፔዳሉ ከእግሯ ሥር እየጠነከረ መጣ። እኔ ፊቷን አይ ነበር። ፔዳሉ አልወርድም ብሎ ቀጥ ሲልባት፣ "ያዘ" አለች፤ ድምፅዋ ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም።

በማግስቱ አባቴና ሐጂ ሄዱ። በሉማሜ በኩል የመጣ ነጋዴ ገደሉን በደህና ወርደው ድልድዩን መሻገራቸውን ሲነግረን እናቴ መሬት ስማ ተነሣች። ከዚያ ወሬው ጠፋ። መንገዱ ተዘግቶ ነው ትለኝ ነበር፤ ተዘግቶም ነበር። ጣሊያን ወጣ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ የሌላው ሰው አባት መጣ። እናቴ በመቃ ታወጣለች፤ አረቄዋ ጭስ ጭስ አለ፣ ደንበኞቿም ከማንም ቤት እንደሚገዙት አረቄ ይቆጥሩት ጀመር።

ሐጂ ዑመር በሰው መኪና ተሳፍረው የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ ብቻ ተቀብለው ተቀመጡ። ተሰማ ደህና ነው፣ መኪናዋም ደህና ናት አሉ። እዚያው አዲስ አበባ ቤት ይዟል፣ ሚስት አግብቷል፣ ልጅም ወልዷል አሉ፤ ይህን ሲናገሩ የእሳቸው ጥፋት ይመስል ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። እናቴ አላለቀሰችም፣ ማናት ብላም አልጠየቀችም።

"ሐጂ፣ ገደሉ ላይ ፍሬኑ ያዘ?" አለቻቸው።

"ያዘ፣ እመት የውብዳር። አንድም ቦታ አላስደነገጠን።"

"ተመስገን" ብላ ውሃ ልትጨምርላቸው ተነሣች።

ለዚህ "ተመስገን" ለብዙ ዓመታት ተቀየምኳት። ካረጀች በኋላ፣ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ፀጉሯን ሳበጥርላት፣ ያን ቧንቧ ባትሰጪው ኖሮ እኮ ሐጂ ራሳቸው ፈርተው ይቀሩ ነበር፣ አባቴም ከእኛ አይለይም ነበር አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ።

"እሱ ቃሉን አያጥፍም። ገደል ገብቶ ቢቀር ይሻልሽ ነበር?" አለችኝ።

አይሻለኝም አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ነገር ግን መኪናዋ ከጓሯችን ከወጣችበት ጠዋት ወዲህ አባቴን በዓይኔ አላየሁትም።